የሦስት ሰዎች ዝርዝር፦ የ2023ቱ የኤንቢኤ ኮከብ ተጫዋች ምርጫና የቆዳ ቀለም ክርክር

በፌብሩዋሪ 2023 መጨረሻ ላይ ኬንድሪክ ፐርኪንስ ኢኤስፒኤን በተባለው የአሜሪካ የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያ የጠዋት የስፖርት ክርክር ላይ ቀርቦ ለተመልካቹ አንድ ዝርዝር አቀረበ። ከ1990 ወዲህ በነጥብ አስቆጣሪነት ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ሳይገቡ የኤንቢኤን (የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ) የኮከብ ተጫዋችነት ሽልማት የወሰዱት ስቲቭ ናሽ፣ ዲርክ ኖዊትዝኪና ኒኮላ ዮኪች ብቻ ናቸው ካለ በኋላ፣ ሦስቱን ምን እንደሚያመሳስላቸው ተመልካቹ ራሱ እንዲያስበው ተወለት። መልሱን በአንደበቱ አልተናገረውም፤ ይሁን እንጂ ሦስቱም ነጮች መሆናቸውን የማያውቅ የቅርጫት ኳስ ተከታታይ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ፐርኪንስ ከሜዳ ውጪ ሆኖ የሚናገር ሰው አልነበረም። በሊጉ ለብዙ ዓመታት የተጫወተ፣ በ2008 ከቦስተን ሴልቲክስ ጋር ዋንጫ ያነሳ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የንግግሩ ዒላማ ዮኪች ነበር። ሰርቢያዊው የዴንቨር ነጌትስ ሴንተር (ከቅርጫቱ አጠገብ የሚጫወተው ረጅሙ ተጫዋች) በ2021 እና በ2022 ሽልማቱን በተከታታይ ወስዶ በዚያ ሰሞን ለሦስተኛ ጊዜ ሊወስድ የተቃረበ ይመስል ነበር፤ ፐርኪንስም ለቡድኑ ሳይሆን ለራሱ ቁጥር ይጫወታል ሲል ተችቶት ነበር። ማርች 7 ቀን ነጩ የቀድሞ ተጫዋች ጄጄ ሬዲክ በዚያው መርሐ ግብር ላይ ፊት ለፊት ተቃወመው፤ እዚህ የሚወራው በእውነቱ ዓለም የሌለ ነገር ነው፣ አንተ የምትለው ነጭ መራጮች ለነጭ ያደላሉ ነው፣ አለው። ፐርኪንስ ውንጀላውን አልተቀበለም። በማግስቱ የመርሐ ግብሩ አቅራቢ የእርምት መግለጫ አነበበች፤ ፐርኪንስ ከመራጮቹ 80 በመቶዎቹ ነጮች ናቸው ማለቱ ትክክል እንዳልነበረና በይፋ የወጣው ያለፈው ዓመት የመራጮች ዝርዝር እሱ ከገለጸው እጅግ የተለያዩ ሰዎችን የያዘ መሆኑን የሚናገር ነበር።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር የተነሣሁት ክርክሩ ስለጮኸ አይደለም። ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ ተቀላቅለው ስለቀረቡና እስከ ዛሬም ሳይለያዩ ስለቀሩ ነው። አንደኛው፣ የቆዳ ቀለም በአሜሪካ የስፖርት ሽልማት ላይ ሚና ይኖረው እንደሆነ የመጠየቅ መብት ነው፤ ይህ ጥያቄ በታሪክ የተደገፈ ተገቢ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛው፣ ለዚያ ጥያቄ በ2023 የቀረበው ማስረጃ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲመረመር የማይቆም ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቀርቡ ደካማው ማስረጃ ጠንካራውን ጥያቄ ይዞት ይወድቃል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

ስለ ቃላቱ

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ቃላትን ማጥራት ያስፈልጋል። በአማርኛ "ዘር" ስንል በአብዛኛው የትውልድ ሐረግንና ብሔርን የሚመለከት ነገር በአእምሯችን ይመጣል፤ በሀገራችን ፖለቲካ ውስጥም ቃሉ የራሱ የከበደ ታሪክ አለው። አሜሪካውያን በዚህ ክርክር ውስጥ የሚናገሩት ስለ ሌላ ነገር ነው። ካሜሩን የተወለደ፣ አቴንስ ውስጥ ከናይጄሪያውያን ወላጆች የተወለደና ቴክሳስ ያደገ ሰው ሁሉ "ጥቁር" በሚል አንድ ስም የሚጠሩበት፣ ከባርነትና ከመለያየት ሕግ የወጣ ክፍፍል ነው። ስለዚህ እዚህ "የቆዳ ቀለም" የሚለውን አገላለጽ መጠቀም መርጫለሁ።

ሁለተኛው ቃል ከዚህ ይልቅ ለጉዳያችን የቀረበ ነው። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ሽልማቱን "የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች" ብለው ይተረጉሙታል፤ ሁላችንም ለምደነዋል። የሽልማቱ እውነተኛ ስም ግን ኮከብነትን አይጠቅስም፤ የሚጠቅሰው ዋጋን፣ ለቡድኑ ከሁሉ ይበልጥ ጠቃሚ መሆንን ነው። ኮከብ የሚባለው ከሁሉ አብልጦ የደመቀው ነው፤ ጠቃሚ የሚባለው ደግሞ ባይኖር ኖሮ ቤቱ የሚጎድልበት ሰው ነው። ሁለቱ አንዳንዴ አንድ ሰው ይሆናሉ፣ አንዳንዴም አይሆኑም። ሊጉ ራሱ "ጠቃሚ" ለሚለው ቃል ትርጉም አውጥቶለት አያውቅም፤ መራጩ ነጥብን፣ የቡድን ድልን፣ መከላከልን ወይም የተጫወተበትን ጨዋታ ብዛት የትኛውን እንደሚያስቀድም የሚነግረው መመሪያ የለም። በ2023 የነበረው አምባጓሮ በብዛት የተነሣው በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ድምፁ የሚሰጠው እንዴት ነው?

በ2023 ድምፅ የሰጡት 100 የመገናኛ ብዙኃን ባለሙያዎች ነበሩ። እያንዳንዱ አምስት ተጫዋቾችን በደረጃ ይጽፋል፤ አንደኛው 10፣ ሁለተኛው 7፣ ሦስተኛው 5፣ አራተኛው 3፣ አምስተኛው 1 ነጥብ ያገኛል። ድምፁ በምስጢር አይቀበርም፤ ከምርጫው በኋላ ማን ለማን እንደ ሰጠ ከነስሙ ለሕዝብ ይወጣል። ውጤቱ ክብር ብቻ አይደለም፤ ሽልማቱን ያገኘ ተጫዋች የተቀሩትን መስፈርቶች ካሟላ ከቡድኑ የደመወዝ ጣሪያ እስከ 35 በመቶ የሚደርስ ውል ሊፈርም ይችላል። የጋዜጠኛው ብዕር የሰውን ደመወዝ እስከ መወሰን የሚደርስበት አሠራር ስለሆነ፣ መራጩ እነማን እንደሆኑና በምን ዓይን እንደሚያዩ መጠየቅ ነውር ሊሆን አይገባውም።

ሁለቱ ሴንተሮች

ለውድድር የቀረቡት ዋነኞቹ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ወደ ሊጉ የተጠሩ ናቸው። በ2014ቱ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ጆኤል ኤምቢድ 3ኛ ሆኖ በፊላዴልፊያ ሲመረጥ፣ ዮኪች 41ኛ ሆኖ በዴንቨር ተመረጠ፤ ስሙ በተጠራበት ደቂቃ ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ያስተላልፍ ነበር። ኤምቢድ ያውንዴ ላይ መረብ ኳስ ሲጫወት አድጎ ቅርጫት ኳስን በእጁ የያዘው በ15 ዓመት ዕድሜው አካባቢ ነው፤ ወደ ሊጉ ከተጠራ በኋላም በእግሩ ጉዳት ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመን ሳይጫወት ቀርቷል። ዮኪች ከሰርቢያዋ ሶምቦር የመጣ፣ ሩጫውም ዝላዩም ዘገምተኛ የሆነ፣ ግን ኳስ ወዴት መሄድ እንዳለበት ከሌሎቹ ቀድሞ የሚያይ ተጫዋች ነው።

በ2022-23 ኤምቢድ በአማካይ 33.1 ነጥብ፣ 10.2 ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ መያዝ) እና 4.2 አሲስት (ለነጥብ የበቃ ኳስ ማቀበል) አስመዘገበ፤ ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ ነበር። ዮኪች 24.5 ነጥብ፣ 11.8 ሪባውንድና 9.8 አሲስት ነበረው፤ ከሞከራቸው ኳሶች 63.2 በመቶውን አስገብቷል። ፊላዴልፊያ 54 ጨዋታ፣ ዴንቨር 53 ጨዋታ አሸነፉ። የሚልዋኪው ያኒስ አንቴቶኩንፖ ደግሞ 31.1 ነጥብ እያስቆጠረ ቡድኑን 58 ድል ላይ አድርሶ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሦስቱንም በቅን ልብ ሊመርጥ የሚችልበት ምክንያት ያገኛል። ነጥብን የሚያስቀድም ወደ ኤምቢድ፣ ጠቅላላ የማጥቃት ድርሻን የሚያስቀድም ወደ ዮኪች፣ የቡድን ድልን የሚያስቀድም ወደ ያኒስ ይሄዳል። ከተጫዋቹ ድርሻ ሁሉ አንድ ቁጥር ለማውጣት የተሠሩት አዳዲስ መለኪያዎች በብዛት ዮኪችን ያስቀድሙ ነበር፤ እነዚህ ቀመሮች ደግሞ የተጫዋቹን ቀለም አያውቁም፤ ግን መከላከልን በደንብ አይመዝኑም የሚል ትክክለኛ ወቀሳ ይቀርብባቸዋል።

ዝርዝሩ ሲመረመር

አሁን ወደ ፐርኪንስ ዝርዝር እንመለስ። ስሞቹ እውነት ናቸው። ናሽ በ2005 ሲሸለም በአማካይ 15.5 ነጥብ፣ በ2006 ደግሞ 18.8 ነጥብ ነበረው፤ ኖዊትዝኪ በ2007 24.6 ነጥብ፣ ዮኪች በ2021 26.4 ነጥብ አስመዝግበው ከአሥሩ ውስጥ አልነበሩም። ችግሩ ያለው በወንፊቱ ላይ ነው። ወንፊቱ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፤ አንዱ "ከ1990 ወዲህ" የሚለው፣ ሌላው "ከነጥብ አስቆጣሪዎቹ አሥሩ" የሚለው፤ ሁለቱም የተበጁት የሚፈለገው ፍሬ ከታወቀ በኋላ ይመስላል።

መነሻው 1990 ሲሆን ማጂክ ጆንሰን በዚያው ዓመት 22.3 ነጥብ ብቻ እያስቆጠረ መሸለሙ ዝርዝሩን ያበላሸዋል፤ ጥቁሩ ጆንሰንም ከአሥሩ ውስጥ አልነበረም። ወደ ኋላ ጥቂት ብንጓዝ በ1969 ዌስ አንሴልድን እናገኛለን፤ ጥቁር ነው፣ የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር፣ 13.8 ነጥብ እያስቆጠረ ተሸልሟል። ዮኪች ራሱ በ2022 ሁለተኛውን ሽልማት ሲወስድ 27.1 ነጥብ ይዞ ከአሥሩ ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ወንፊቱ ግማሹን ዮኪችን ብቻ ነው የሚይዘው።

ነጥብን ዋናው የችሎታ ሚዛን ማድረግም ራሱን የቻለ ስሕተት ነው። በ1962 ዊልት ቼምበርሊን በአማካይ 50.4 ነጥብ አስቆጠረ፤ ይህን ያህል ከእሱ በፊትም በኋላም ማንም አላስቆጠረም። በዚያው ዓመት ኦስካር ሮበርትሰን በነጥብ፣ በሪባውንድና በአሲስት ሦስቱም አማካዩን ከአሥር በላይ አደረገ። ሽልማቱን የወሰደው ግን 18.9 ነጥብ የነበረው ቢል ራስል ነው፤ ድምፁን የሰጡት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ነበሩ፤ ሦስቱም ተፎካካሪዎች ጥቁሮች ነበሩ። ከቦርዱ ሥር የቆመውን መከላከያና የሴልቲክስን 60 ድል ከ50 ነጥብ አስበልጠው ያዩት ራስልን በየምሽቱ ሜዳ ላይ ይገጥሙት የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከፍተኛ አስቆጣሪው ሳይሸለም የቀረበት ምርጫ ሁሉ አድልዎ ነው ካልን፣ ይህንን ምን ብለን እንጠራዋለን?

ሌላው ሊታለፍ የማይገባው ጠቅላላ ቁጥሩ ነው። ላሪ በርድ በ1986 ሦስተኛውን ተከታታይ ሽልማት ከወሰደ በኋላ፣ ከ1987 እስከ 2004 ባሉት 18 ዓመታት ሽልማቱ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ነጭ ተጫዋች አልሄደም። ከ1987 እስከ 2022 ከተሰጡት 36 ሽልማቶች ነጮች የወሰዱት 5 ብቻ ነው፤ አምስቱንም የወሰዱት ያደጉት ከአሜሪካ ውጪ የሆኑ ናቸው፤ ካናዳዊው ናሽ፣ ጀርመናዊው ኖዊትዝኪ፣ ሰርቢያዊው ዮኪች። ከበርድ ወዲህ የተሸለመ ነጭ አሜሪካዊ የለም። ከሊጉ ተጫዋቾች ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ጥቁሮች መሆናቸውን ስናስብ፣ ይህ ቁጥር ነጮች በገፍ ይሸለማሉ የሚለውን አስተሳሰብ አይደግፍም። በእርግጥ ቁጥሩ ብቻውን አድልዎ የለም ብሎ አያረጋግጥም፤ ምክንያቱም አድልዎ ሊገኝ የሚችለው በአሸናፊዎች ብዛት ሳይሆን ተቀራራቢ ሰዎች በሚፎካከሩበት በአንድ ምርጫ ጠባብ ልዩነት ውስጥ ነው።

ጥያቄው ለምን ተገቢ ነው?

እዚህ ላይ ሬዲክን ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው ለማለት እቸገራለሁ፤ ጥያቄው የመጣው ከባዶ ሜዳ አይደለም። ሊጉ ጥቁር ተጫዋቾችን ማሰለፍ የጀመረው በ1950 ነው፤ ከዚያም በኋላ መራጮቹ እነማን እንደሆኑ ውጤቱን የለወጠበት ጊዜ በሰነድ የተቀመጠ አለ። በ1958 ተጫዋቾቹ ራስልን የሊጉ እጅግ ጠቃሚ ተጫዋች አድርገው መረጡ። በዚያው ዓመት የሊጉን ምርጥ አምስት የመረጡት የመገናኛ ብዙኃን ሰዎች ግን ዶልፍ ሼይስን፣ ጆርጅ ያርድሊን፣ ቦብ ፔቲትን፣ ቦብ ኩዚንና ቢል ሻርማንን አንደኛው ቡድን ውስጥ አስገቡ፤ አምስቱም ነጮች ናቸው። ተፎካካሪዎቹ ከሁሉ በላይ ያሉት ሰው ጋዜጠኞቹ ዘንድ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ቦታ አላገኘም። ይህን ዝርዝር ባየሁ ቁጥር ለረጅም ጊዜ ዓይኔን ከላዩ ማንሣት ያቅተኛል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ግን በ1973 የመስታወት ግልባጩ መገኘቱ ነው። በዚያ ዓመት ተጫዋቾቹ ነጩን ዴቭ ካወንስን መረጡ፤ የመገናኛ ብዙኃን ሰዎች ደግሞ 30.2 ነጥብ ያስቆጠረውን ካሪም አብዱልጀባርን አንደኛው ቡድን ውስጥ አስገብተው ካወንስን ሁለተኛው ላይ አስቀመጡት። ከ1981 ጀምሮ የሽልማቱ ምርጫ ከተጫዋቾች ወደ መገናኛ ብዙኃን ተዛወረ። ምርጫው በማንኛቸውም እጅ ቢሆን "ጠቃሚ" የሚለው ቃል እንዳልተተረጎመ መቆየቱን ከሁለቱ ዓመታት ማየት ይቻላል።

በ2005 ጥያቄው እንደገና ተነሣ። ፊኒክስ ሰንስ በቀደመው ዓመት 29 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነበር፤ ናሽ በመጣበት ዓመት 62 አሸነፈ፤ እሱ ባልነበረባቸው 7 ጨዋታዎች 2 ብቻ ነበር ያሸነፈው። ሻኪል ኦኒል በበኩሉ ከሎስ አንጀለስ ወደ ማያሚ ተዛውሮ 42 ድል የነበረውን ቡድን 59 አደረሰ፤ 22.9 ነጥብና 10.4 ሪባውንድ ነበረው። ናሽ በ1,066 ለ1,032 ነጥብ፣ በ34 ነጥብ ብቻ አሸነፈ። የማያሚ ሄራልድ አምደኛ ዳን ለ ባታርድ ቀለም ሚና ነበረው ወይ ብሎ ጻፈ፤ ጉዳዩም ለሳምንታት አነጋገረ። ያ ጥያቄ ከፐርኪንስ ዝርዝር የተሻለ መሠረት ነበረው ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም የተነሣው በአንድ የተወሰነና እጅግ ጠባብ ምርጫ ላይ ነው፤ ሁለቱም ሰዎች አዲስ ቡድን ገብተው ቡድኑን ያነሡ ስለሆኑ ንጽጽሩ ቀጥተኛ ነበር። ነገር ግን በዚያም ቢሆን መልሱ በአንድ ምርጫ ሊገኝ አልቻለም፤ ጥቂት መራጮች በቅን ልብ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ኖሮ ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። (በነገራችን ላይ ናሽ የተወለደው ጆሃንስበርግ ነው፤ በአፍሪካ ምድር ተወልደው ይህን ሽልማት ካገኙት ሁለተኛው መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የመጀመሪያው በ1994 የተሸለመው ናይጄሪያዊው ሐኪም ኦላጁዎን ነው።)

እውነተኛ ምርመራ ምን እንደሚመስል

አድልዎን በቅርጫት ኳስ ውስጥ በሚገባ መመርመር እንደሚቻል የሚያሳይ ሥራ አለ። ጆሴፍ ፕራይስና ጀስቲን ዎልፈርስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን ከ1991 እስከ 2004 ባሉት 13 የውድድር ዘመናት የተነፉትን ጥፋቶች መረመሩ። የዳኞቹ ምደባ ተጫዋቾቹ በምን ቀለም እንደሆኑ ታይቶ የሚደረግ ባለመሆኑ፣ ያንኑ ተጫዋች አንድ ምሽት በነጭ ዳኞች፣ ሌላ ምሽት በጥቁር ዳኞች ፊት ሲጫወት ማነጻጸር ቻሉ። ያገኙት ውጤት ተጫዋቾች ከራሳቸው ቀለም ውጪ ያሉ ዳኞች ሲያጫውቱ በመጠኑ ብዙ ጥፋት እንደሚነፋባቸው ነው። ልዩነቱ በአንድ ጨዋታ ዓይን የማያየው ትንሽ ነገር ነው፤ በሺዎች ጨዋታዎች ሲደመር ግን ይታያል። ሊጉ ግኝቱን አልተቀበለም። ጥናቱ በ2007 በጋዜጦች ላይ ሰፊ ሽፋን ካገኘ በኋላ ሁለቱ ምሁራን ከዴቪን ፖፕ ጋር ተመልሰው ሲመረምሩ ልዩነቱ ጠፍቶ አገኙት።

ከዚህ ሥራ ለጉዳያችን ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አድልዎ ማለት የግድ ክፉ ልብ ማለት አይደለም፤ ሰው ሳያውቀው በቅጽበት የሚያደርገው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሬዲክ ጥያቄውን መራጮችን ዘረኛ ብሎ እንደ መስደብ ብቻ መውሰዱ ነገሩን አጥብቦታል። በሌላ በኩል ደግሞ ስለ አድልዎ በማስረጃ መናገር ይጠቅማል፤ ዳኞቹን የለወጣቸው ቅጣት ሳይሆን የተረጋገጠውን ነገር መስማታቸው ይመስላል። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚሰጥ ሽልማት እንዲህ ያለ ጥናት ማድረግ ከባድ ነው፤ ሆኖም የእያንዳንዱ መራጭ ድምፅ ከነስሙ ስለሚወጣ መነሻው አለ። ከመራጮቹ የቀለም ስብጥር ጋር አያይዞ ለብዙ ዓመታት ድምፆቹን መደርደር፣ ተቀራራቢ ቁጥር ያላቸውን ተፎካካሪዎች ብቻ መርጦ ማነጻጸር የሚቻል ሥራ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያው ስለ 80 በመቶው እርምት ለማንበብ አንድ ቀን ብቻ ፈጅቶበታል፤ ዝርዝሩ ከመነገሩ በፊት ያንን አንድ ቀን መውሰድ ይቻል ነበር።

ቀለም ከሚሸለመው ይልቅ በሚሸለምበት ቋንቋ ውስጥ ተደብቆ እንደሚኖርም መናገር ያስፈልጋል። የስፖርት ዘጋቢዎችን አነጋገር ያጠኑ ሰዎች ነጭ ተጫዋች በአእምሮውና በትጋቱ፣ ጥቁር ተጫዋች በጉልበቱና በተፈጥሮ ስጦታው የሚሞገስበትን ልማድ ለዓመታት ሲያስተውሉ ኖረዋል። ዮኪች በእውነት ብልህ ተጫዋች ነው። ግን ኤምቢድ ቅርጫት ኳስን ካሜሩን ውስጥ ጎልማሳ ሊሆን ሲቃረብ ጀምሮ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሴንተርን የእግር ሥራ ሁሉ ጠንቅቆ መማሩ የአእምሮ ሥራ አይደለምን? ፐርኪንስ ዝርዝሩን ትቶ ይህንን ቢያነሣ ኖሮ ከጎኑ እቆም ነበር።

ከማርች እስከ ሜይ

ፌብሩዋሪ ላይ በጋዜጠኞች መካከል የተደረገው መደበኛ ያልሆነ የአስተያየት ድምፅ ዮኪችን በሰፊ ልዩነት ያስቀድም ነበር። በሜይ 2 ቀን ይፋ የሆነው ውጤት ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ኤምቢድ ከ100 የአንደኝነት ድምፆች 73ቱን ወስዶ በ915 ነጥብ አሸነፈ፤ ዮኪች 674፣ ያኒስ 606 ነጥብ አገኙ። ነጭ መራጮች ለነጭ ያደላሉ የተባለበት ምርጫ ለጥቁር አፍሪካዊ በሰፊ ልዩነት ተሰጠ።

ወዲያው ሌላ ሐሜት ተነሣ፤ መራጮቹ ዘረኛ እንዳይባሉ ፈርተው ነው የሚል። ይህ ለእኔ የጉዳዩ አሳዛኝ ክፍል ነው። በእነዚያ ሁለት ወራት በሜዳ ላይ የተደረገውን ያየ ሰው ፍርሃትን ፍለጋ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። ዴንቨር በማርች አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። ኤምቢድ በዚያው ወር በብዙ ምሽቶች ከ30 ነጥብ በላይ ያስቆጥር ነበር፤ ኤፕሪል 4 ቀን ቦስተንን 103 ለ101 ሲያሸንፉ 52 ነጥብ የእሱ ነበር። ጃንዋሪ ላይም ዮኪችን ፊት ለፊት ገጥሞ 47 ነጥብና 18 ሪባውንድ ይዞ ወጥቷል። ከእሱ ተቃራኒ የሚቆጠረው፣ ማርች 27 ቀን ዴንቨር ላይ በተደረገው መልስ ጨዋታ በጉዳት አለመሰለፉ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ ከቀለም ጋር የማይገናኝ ከባድ ምክንያት ነበር። ሦስት ጊዜ በተከታታይ የተሸለሙት በታሪክ ራስል፣ ቼምበርሊንና በርድ ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ሦስተኛውን ሲወስዱ የሻምፒዮንነት ዋንጫ በእጃቸው ነበር። ዮኪች በዚያን ጊዜ ዋንጫ አልነበረውም፤ ማይክል ጆርዳንና ሌብሮን ጄምስ ያልደረሱበት ቦታ ላይ ሊያስቀምጡት ያመነቱ መራጮች ብዙ ነበሩ። ይህ ማመንታት ትክክል ነው አልልም፤ ሽልማቱ የዓመቱ እንጂ የዕድሜ ልክ አይደለምና። ነገር ግን ድምፁ የተገለበጠበትን ምክንያት ለመረዳት ከበቂ በላይ ነው። ዮኪች ዋንጫውን በዚያው ዓመት ጁን ላይ ማያሚን 4 ለ1 በማሸነፍ አነሣ፤ በ2024 ደግሞ ሦስተኛውን ሽልማት ወሰደ። በ2025 በነጥብ፣ በሪባውንድና በአሲስት አማካዩን ከአሥር በላይ አድርጎ ሳለ ሽልማቱ 68 ጨዋታ ላሸነፈው የኦክላሆማ ሲቲው ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር ሄደ፤ የአንደኝነት ድምፁ 71 ለ29 ነበር።

ፐርኪንስ የተሟገተለት ሰው ሽልማት ሲያገኝ፣ ሽልማቱ በጩኸት የተገኘ አስመስሎ የሚያይ ዓይን አብሮ ተፈጠረ። ኤምቢድ ያንን አልጠየቀም። ሜይ 5 ቀን ፊላዴልፊያ ላይ ከቦስተን ጋር ከሚደረገው ሦስተኛው የፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፍ ዙር) ጨዋታ በፊት ዋንጫው በደጋፊው ፊት ሲሰጠው፣ ትንሹ ልጁ ከሜዳው ጠርዝ ሮጦ መጣ፤ አባትየው ልጁን ሲያይ እንባውን መቆጣጠር አልቻለም። የልጁ ስም በ2014 ካሜሩን ውስጥ በመኪና አደጋ የሞተው ታናሽ ወንድሙ ስም ነው። ከዚያ ዋንጫውን አስቀምጦ ወደ ጨዋታው ገባ፤ ቡድኑ 114 ለ102 ተሸነፈ።